የቫዮሊን ብርኩማ አቀራረጽና አገጣጠም፦ ከጥሬው እንጨት እስከ ቅኝት

በክራር፣ በበገናና በማሲንቆ ላይ ክሮችን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ብርኩማ በቫዮሊን ላይም ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል። ሆኖም የቫዮሊን ብርኩማ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ አናቱ ቀጭን፣ የሚሸከመው ጫናም ከባድ ስለሆነ አቀራረጹ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አራቱ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ ድምር ውጥረታቸው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ክሮቹ በብርኩማው ላይ ሲያልፉ 158 ዲግሪ ገደማ ወደሚሆን ማዕዘን ስለሚታጠፉም ከዚህ ውጥረት 8 ኪሎ ግራም ያህሉ ወደ ታች ተለውጦ የመሣሪያውን የፊት ገበታ ይጫናል። ይህን ጫና ተሸክሞ፣ በዚያው ላይ የክሩን ንዝረት ወደ ገበታው የሚያስተላልፈው አካል ተሠርቶ ሲያልቅ ክብደቱ ከ2 ግራም ብዙም አይበልጥም።

ቀስቱ ክሩን ወደ ጎን ሲያንቀጠቅጠው ብርኩማው በሁለት እግሮቹ ላይ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። በቀጭኑ ክር ወገን ካለው እግር አጠገብ፣ ከገበታው በታች፣ የድምፅ ምሰሶ ቆሞ ስለሚደግፈው ያ እግር ብዙ አይንቀሳቀስም፤ በወፍራሙ ክር ወገን ያለው እግር ግን ከሥሩ በርዝመት የተለጠፈውን የባስ ማገር እየገፋ ገበታውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ በእግሮቹና በገበታው መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ቢኖር ንዝረቱ የሚያልፍበት መንገድ ይጠባል፣ ጫናውም በትንሽ ነጥብ ላይ ተከማችቶ ገበታውን ይወጋል።

ከብርኩማ ላይ የተነሣ እንጨት ተመልሶ አይለጠፍም፤ የሥራው ቅደም ተከተልም ከዚሁ ይመነጫል። መጀመሪያ እግሮቹ ከገበታው ጋር ይገጠማሉ፤ ቀጥሎ የአናቱ ከፍታና ቅስት ይወሰናል፤ ከዚያ ውፍረቱ ይስተካከላል፤ ልቡ፣ ኩላሊቶቹና ወገቡ (በብርኩማው መሃልና ጎን ያሉት ክፍተቶችና በመካከላቸው የሚቀረው ጠባብ ክፍል) የሚነኩት ከሁሉም በኋላ ነው። ከፍታውን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው እግሮቹን ሲገጥም ቁመቱ ሌላ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ይቀንስበታል፤ ውፍረቱን አስቀድሞ የጨረሰም የእግሮቹን ዘንበል ለማረም የሚሆን እንጨት አይተርፈውም።

ጥሬውን ብርኩማ መምረጥ

ቅርጹ በግርድፉ ወጥቶለት የሚሸጠው ጥሬ ብርኩማ የሚዘጋጀው ከሜፕል እንጨት ሲሆን፣ በጥራቱ የታወቀው በቦስኒያ ተራሮች የሚበቅለው ዓይነት ነው። ከታወቁት አዘጋጆች መካከል በፈረንሳይ የሚገኙት ኦቤርና ዴስፒዮ ይጠቀሳሉ፤ ሁለቱም እንደ እንጨቱ ጥንካሬና ዕድሜ በደረጃ ከፋፍለው ያቀርባሉ። ለሙሉ መጠን ቫዮሊን ከአንዱ እግር ውጫዊ ጫፍ እስከ ሌላው እግር ውጫዊ ጫፍ 41 ወይም 42 ሚሊ ሜትር የሆነው ይመረጣል፤ ለሦስት አራተኛ መጠን 38፣ ለግማሽ መጠን ደግሞ 35 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው።

እንጨቱን ሲመርጡ ሁለቱንም ገጾች በብርሃን ይመልከቱ። የእንጨቱ ቃጫ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እግር በአግድም መሄድ አለበት። በአንደኛው ገጽ ላይ አጫጭርና አብረቅራቂ አግድም ሰረዞች በግልጽ ይታያሉ፤ በሌላው ገጽ ላይ ደግሞ ነጠብጣብ ይበዛል። ሰረዞቹ ጎልተው የሚታዩበት ገጽ ጀርባው ነው፤ ይኸውም ወደ ክር ማሰሪያው፣ ማለትም ወደ ተጫዋቹ አገጭ የሚዞረው ነው። ሰረዞቹ ከእግሮቹ መስመር ጋር ትይዩ ካልሆኑና ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ብርኩማው ከጊዜ በኋላ የመጉበጥ ዕድል ስላለው መተው ይሻላል። ከዚያ በተረፈ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ከትንሽ ከፍታ ጥለው ያድምጡት፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ከደነዘዘው ይመረጣል።

አገራችን ውስጥ ለከበሮ የምንጠቀምበትን ዋንዛ በዚህ ቦታ ለመተካት የሚያስቡ አናጺዎች ይኖራሉ። ዋንዛ ለሥራው የተመሰገነ እንጨት ቢሆንም ለቫዮሊን ብርኩማ ግን እጅግ ለስላሳ ነው፤ ክሮቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ አናቱን ቆርጠው ይገባሉ፣ ቀጭን ሆኖ ሲቀረጽም ጫናውን አይችልም። ለመለማመጃ ያህል ግን በእጅ ባለ ማናቸውም ጠጣር እንጨት እግር መግጠምን ደጋግሞ መሞከር ብዙ ያስተምራል።

መሣሪያዎች

ዋናው መሣሪያ እጅግ በጣም የተሳለ፣ ስለቱ ቀጥ ያለ ትንሽ ቢላ ነው። መሳያ ድንጋይ ከአጠገብዎ አይለይ፤ ሜፕል ጠንካራ ስለሆነ የዶለዶመ ቢላ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይቦጭቀዋል። ከቢላው ሌላ ትንሽ መላጊያ፣ ጠፍጣፋና ክብ ደቃቅ ሞረዶች፣ ቀጭን መጋዝ፣ ውፍረት የሚለካ ካሊፐር፣ አጭርና ረጅም የብረት ማስመሪያ፣ ትንሽ ስኳድራ፣ ጠቆር ያለ እርሳስ፣ ካርቦን ወረቀት እንዲሁም ከ240 ቁጥር እስከ 600 ቁጥር ያለው የብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋሉ። 42 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ያለው ቅስት በወፍራም ካርቶን ላይ በኮምፓስ ሥለው ቆርጠው ያዘጋጁ፤ በኋላ ለአናቱ ልኬት ይሆናል።

እንጨቱ ከመነካቱ በፊት መሣሪያውን መመርመር

መሣሪያው ራሱ ካልተስተካከለ በትክክል የተቀረጸ ብርኩማ ጥፋቱን አይሸፍነውም። ስለዚህ በቅድሚያ የድምፅ ምሰሶው መቆሙን በኤፍ ቅርጽ ቀዳዳው በኩል ይመልከቱ። ምሰሶው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የስፕሩስ ዘንግ ሲሆን፣ ቦታው በቀጭኑ ክር ወገን ካለው የብርኩማ እግር በስተኋላ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ርቆ ነው። በማጣበቂያ ያልተያዘና በገበታዎቹ ጥብቀት ብቻ የቆመ ስለሆነ ክሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲላሉ ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት አሮጌውን ብርኩማ ሲያወርዱ መሣሪያውን አይገልብጡት፣ አያናውጡትም። ምሰሶው ወድቆ ከሆነ ሳይመለስ ክር መወጠር ፈጽሞ አይገባም፤ ገበታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቀጥሎ የገበታው ዳርቻ ከጎኖቹ ጋር የተጣበቀበትን መስመር በጣትዎ ቀስ ብለው እያንኳኩ ይመርምሩ፤ የተከፈተ ቦታ ካለ በባለሙያ ይዘጋ። ከዚያ ረጅሙን ማስመሪያ በጣት ሰሌዳው ላይ በርዝመቱ አስተኝተው ጫፉን ብርኩማው እስከሚቆምበት ቦታ ያድርሱትና ከገበታው በላይ ያለውን ከፍታ በመሃል መስመር ይለኩ። 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ የአንገቱ ዘንበል ትክክል ነው፤ ብርኩማውም ሲያልቅ በመሃሉ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልኬቱ ከ25 በታች ከወረደ ብርኩማው በጣም አጭር፣ ከ29 በላይ ከወጣ በጣም ረጅም ስለሚሆን፣ መድኃኒቱ የአንገቱን አቀማመጥ ማስተካከል እንጂ ብርኩማውን ማስረዘም ወይም ማሳጠር አይደለም።

የብርኩማውን ቦታ የሚያመለክቱት በኤፍ ቀዳዳዎቹ ውስጣዊ ጎን ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ናቸው። ሁለቱን ጥርሶች የሚያገናኘው ሐሳባዊ መስመር በእግሮቹ ውፍረት መሃል ማለፍ አለበት። ይሁን እንጂ በርካሽ መሣሪያዎች ላይ ጥርሶቹ ራሳቸው ተዛንፈው ይገኛሉና ልኬቱን ያረጋግጡ፤ ከገበታው የላይኛ ዳርቻ በአንገቱ አጠገብ ተነሥቶ እስከ መስመሩ ድረስ 195 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያው ዳርቻ እስከ አንገቱ ጫፍ ደፍ (ክሮቹ ከመቃኛዎቹ ወጥተው እስከሚያርፉበት) ድረስ ደግሞ 130 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል። ይህ የሦስት ለሁለት ምጣኔ ከተዛባ ተጫዋቹ ከአንድ ቫዮሊን ወደ ሌላ ሲሸጋገር ጣቶቹ የለመዱትን ቦታ ያጣሉ። በወርድ በኩል ብርኩማው ከሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል ይርቃል፤ አንገቱ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነበለ ከሆነ ግን ክሮቹ በጣት ሰሌዳው ላይ ተስተካክለው እንዲያልፉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ሽግሽግ ማድረግ ይፈቀዳል። ቦታው ሲወሰን የእግሮቹን ጥግ በቀላሉ በሚነሣ ወረቀት ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚህ በኋላ ብርኩማው በእያንዳንዱ ሙከራ የሚቀመጠው በዚሁ ቦታ ብቻ ነው፤ ገበታው በየቦታው የተለያየ ጉብታ ስላለው በአንድ ሚሊ ሜትር የተዛወረ እግር ሌላ ገጽ ያገኛል።

እግሮቹን መግጠም

ከሥራው ሁሉ ይህ ክፍል ረጅም ጊዜ የሚወስድ ነው፤ በእኔ እምነትም የአንድ ባለሙያ ብቃት የሚለካው በዚህ ነው። በመጀመሪያ የብርኩማው ጀርባ ፍጹም ዝርግ እንዲሆን በመላጊያ ወይም በዝርግ መስታወት ላይ በተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉት። ጀርባው የመለኪያ ሁሉ መነሻ ስለሆነ ከዚህ በኋላ በቢላ አይነካም። እግሮቹ በዚህ ጊዜ 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይኑራቸው፤ ሲጨረሱ 4.2 ገደማ ይሆናሉ።

ጀርባው ከመሣሪያው አካል አግድም መስመር ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ ብርኩማውን በምልክቱ ላይ ያቁሙት። የገበታው ጉብታ ስኳድራውን ስለሚያሳስት ልኬቱ የሚወሰደው ገበታው ከጎኖቹ ጋር ከሚጋጠምበት መስመር አንጻር ነው። ከዚያ ስስ እርሳስ በገበታው ላይ ተኝቶ በእግሮቹ ዙሪያ እንዲሄድ በማድረግ የገበታውን ጉብታ በአራቱም ገጾች ላይ ይሣሉ። በዚህ መስመር መሠረት ትርፉን እንጨት በቢላ ያንሡ፤ መስመሩ ላይ ሳይደርሱም ያቁሙ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በምልክት የሚመራ ነው። ካርቦን ወረቀቱን ጥቁር ገጹን ወደ ላይ አድርገው በገበታው ላይ ያንጥፉ፣ ብርኩማውን በቦታው ያቁሙ፣ ወደ ታች በልኩ ይጫኑ፣ ከዚያም ሳያንሸራትቱ ቀጥ አድርገው ያንሡት። በእግሮቹ ሥር ጥቁር ሆነው የታዩት ነጥቦች ከሌላው ከፍ ያሉት ናቸው። እነዚህን ብቻ በቢላው ስለት እንደ ወረቀት በሳሳ ፍቅፋቂ ያንሡና እንደገና ይሞክሩ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ነጥቦች ይታያሉ፤ ሥራው እየቀጠለ ሲሄድ ነጥቦቹ ይበዛሉ፣ ይሰፋሉ፣ በመጨረሻም የእግሮቹ ሥር በሙሉ እኩል ይጠቁራል። አንዳንድ ጊዜ ወረቀቱ ራሱ በውፍረቱ ምክንያት ያሳስታልና በመጨረሻዎቹ ሙከራዎች ወረቀቱን አንሥተው ከእግሮቹ በስተጀርባ መብራት በማኖር ብርሃን በሥራቸው ያልፍ እንደሆነ ይመልከቱ።

በዚህ ሂደት ሦስት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። ከነዚህ ቀዳሚው የዘንበሉ ጉዳይ ነው፤ ከአንዱ ዳርቻ ብቻ ደጋግሞ የሚቆርጥ እጅ ብርኩማውን ሳይታወቅ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዘነብለዋል፤ ስለዚህ ከየጥቂቱ ቁርጠት በኋላ ስኳድራውን መልሶ ማቆም ያስፈልጋል። ሌላው የእግሮቹ የጣት ውፍረት ነው፤ የእግሩ ውጫዊ ጫፍ ተገጥሞ ሲያልቅ 1 ሚሊ ሜትር ያህል መቅረት ይኖርበታል፤ ከዚያ ከሳሳ ይሰበራል፣ በጣም ከወፈረ ደግሞ ከገበታው ጋር አብሮ የመተጣጠፍ ችሎታውን ያጣል። የመጨረሻው የእግሩ መሃል ነው፤ ቢላ ሲፈቀፍቅ የእግሩን ዳርቻዎች ከመሃሉ ይልቅ መብላት ስለሚቀናው መሃሉ ጎብጦ ይቀራል፣ ብርኩማውም በዚያ ጉብታ ላይ ይወላውላል። በጣት ጫፍ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲነኩት ምንም መወላወል ሊኖረው አይገባም።

ብዙ ሰዎች የብርጭቆ ወረቀት በገበታው ላይ አንጥፈው ብርኩማውን ወዲህና ወዲያ በመፈተግ እግሮቹን ይገጥማሉ። ፍጥነት ያለው መንገድ ነው፤ ነገር ግን በፍትጊያው ጊዜ ብርኩማው ስለሚወዛወዝ የእግሮቹ ዳርቻ ይከብባል፣ ወረቀቱ ባለው ውፍረት ልክም ገጹ ከእውነተኛው ጉብታ ይለያል፣ ቫርኒሹም ለመጫር ይጋለጣል። ግርድፉን ትርፍ ለማንሣት ካልሆነ በቀር ለመጨረሻው ግጥሚያ አልመክረውም። በቢላ የተገጠመ እግር ጥጉ ስል ሆኖ ከገበታው ጋር መስመር ሳይታይበት ይቀመጣል።

ከፍታና ቅስት

እግሮቹ ሲያልቁ ብርኩማውን በቦታው አቁመው ረጅሙን ማስመሪያ በጣት ሰሌዳው ላይ ያስተኙ፤ መጀመሪያ በቀጭኑ ክር፣ ቀጥሎ በወፍራሙ ክር መሄጃ ላይ። ማስመሪያው ብርኩማውን የሚነካበትን ቦታ በሁለቱም ወገን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። እነዚህ ነጥቦች የጣት ሰሌዳው ወደ ብርኩማው ሲዘረጋ የሚያርፍበትን ከፍታ ያሳያሉ።

የብረት ኢ ክር ባለው ዘመናዊ ቫዮሊን ላይ በጣት ሰሌዳው መጨረሻ በክሩና በሰሌዳው መካከል ያለው ክፍተት ለቀጭኑ ማለትም ለኢ ክር ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ ለወፍራሙ ማለትም ለጂ ክር ከ5 እስከ 5.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኤና የዲ ክሮች ክፍተት በነዚህ መካከል ይወድቃል። ክሩ ከሰሌዳው መጨረሻ አልፎ ወደ ብርኩማው ሲሄድ ክፍተቱ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ በብርኩማው ላይ የሚለካው ከዚህ ይበልጣል። የሰሌዳው ርዝመት 270፣ የክሩ ንዝረት ርዝመት 328 ሚሊ ሜትር በሆነበት መሣሪያ፣ 3.5 የነበረው ወደ 4.2፣ 5.5 የነበረው ወደ 6.6 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ስለዚህ ቀድሞ ካደረጉት ምልክት በላይ በቀጭኑ ወገን 4.2፣ በወፍራሙ ወገን 6.6 ሚሊ ሜትር ለክተው አዲስ ነጥቦች ያድርጉ፤ የካርቶን ቅስቱንም በሁለቱ ነጥቦች ላይ አሳርፈው መስመሩን ይሣሉ። መስመሩ ወደ ቀጭኑ ክር ወገን ዝቅ ብሎ ይታያል፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው፤ ወፍራሙ ክር ሲርገበገብ ሰፊ ቦታ ይፈልጋልና።

ከመስመሩ በላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ትተው በመጋዝ ወይም በቢላ ይቁረጡ፤ ቀሪው የሚወርደው ክሮቹ ተወጥረው ከተለካ በኋላ ነው። በተለይም እርጥበት በሚበዛበት ክረምትና በደረቁ በጋ መካከል የአንገቱ ከፍታ ጥቂት ስለሚለዋወጥ፣ በክረምት ልኬቱ የተወሰደ ብርኩማ በበጋ ክሮቹን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ሊያስገኝ ይችላል። መሣሪያው የሚቀመጥበትን አየር ማወቅና ልኬቱን ከተፈቀደው ክልል መሃል ላይ ማድረግ ይጠቅማል።

ውፍረቱ

አሁን የሚላገው ወደ ጣት ሰሌዳው የሚዞረው ፊቱ ብቻ ነው። ጀርባው ዝርግና ቀጥ ያለ ሆኖ ሲቀር፣ ፊቱ ከእግሮቹ ወደ አናቱ እየሳሳ በዝግታ በሚታጠፍ ጉብታ ይወጣል። አናቱ 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን፤ ለጀማሪ 1.5 ይበቃል። ጉብታው በወርድም ጭምር ነው፤ መሃሉ ወፈር፣ ሁለቱ ጎኖች ሳሳ ይላሉ። የፊቱ ጉብታ አናቱን ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ ክር ማሰሪያው ወገን ያስጠጋዋል፤ በዚህም ምክንያት ክሮቹ በአናቱ ላይ የሚሠሩት ማዕዘን በብርኩማው ለሁለት እኩል ወደ መከፈል ይቀርባል፣ ጫናውም ብርኩማውን ወደ ፊት ከመጣል ይልቅ በቀጥታ ወደ እግሮቹ ይወርዳል።

ብርኩማውን በጠርዙ አቁመው ከጎን ሲያዩት ፊቱ አንድም ቦታ ላይ የተቀጨ ወይም የጎደጎደ ሊመስል አይገባም። በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱ ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለው ይጠቀሙ።

ልቡ፣ ኩላሊቶቹና ወገቡ

በብርኩማው መሃል ያለው ልብ መሰል ቀዳዳ፣ በግራና በቀኝ ያሉት ኩላሊት መሰል ክፍተቶች፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ቅስት፣ እንዲሁም በሁለቱ ኩላሊቶች መካከል የሚቀረው ጠባብ ወገብ ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። በክሬሞና ከተማ የቫዮሊን ሙዚየም ከተቀመጡት የአንቶኒዮ ስትራዲቫሪ ቅርሶች መካከል ለብርኩማ የተዘጋጁ ንድፎች ይገኙበታል፤ ከእርሱ ዘመን በኋላ፣ በተለይም በ19ኛው ምዕተ ዓመት አንገቱ ወደ ኋላ ሲዘነብልና የክሮቹ ውጥረት ሲጨምር ብርኩማው ቁመቱ ቢያድግም የነዚህ ክፍተቶች ሐሳብ አልተለወጠም። ጀርመናዊው ዋልተር ራይኒከ በ1973 ባቀረበው ጥናት እንዳሳየው፣ እግሮቹ በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ሲያዙ የቫዮሊን ብርኩማ የላይኛው ክፍል በወገቡ ላይ ወደ ጎን የሚወዛወዝበት የራሱ ድግግሞሽ አለው፤ ይህም በሴኮንድ 3,000 ያህል ነው። በዚህ አካባቢ ያሉት ድምፆች ቫዮሊኑ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከኦርኬስትራ መሃል ተለይቶ እንዲሰማ የሚያደርጉት ናቸው። ተጫዋቾች በብርኩማው አናት ላይ የሚሰኩት ሱርዲን ድምፁን የሚያለዝበው ክብደት ጨምሮ ይህን ድግግሞሽ ዝቅ ስለሚያደርገው ነው።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ መመሪያ ግልጽ ነው። ኩላሊቶቹን ወደ መሃል ካሰፉ ወገቡ ይጠባል፣ የላይኛው ክፍል በቀላሉ ይወዛወዛል፣ ድግግሞሹ ይወርዳል፣ ድምፁም ሞቅና ለዘብ ይላል፤ መጠኑ ካለፈ ግን ድምፁ ይደበዝዛል፣ ርቀትም ያጣል። ከወገቡ በላይ ያለውን እንጨት፣ ለምሳሌ የልቡን ዙሪያና የላይኛውን ትከሻ ካቀለሉ ደግሞ ክብደቱ ስለሚቀንስ ድግግሞሹ ይወጣል፣ ድምፁም ይበራል። ወገቡን 16 ሚሊ ሜትር ገደማ አድርገው ይጀምሩ፤ ከ15 በታች መውረድ የሚገባው መሣሪያው በሙሉ ቅኝት ከተሰማ በኋላ፣ ጩኸቱ የሚሻክር መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በእግሮቹ መካከል ያለው ቅስት ከፍ ሲል እግሮቹ እየረዘሙ በቀላሉ ይተጣጠፋሉ፤ ቁርጭምጭሚቶቹን፣ ማለትም ከእግሮቹ በላይ ያሉትን ጠባብ ቦታዎች ማሳሳትም ተመሳሳይ ውጤት አለው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን መንካት ግን ትክክል አይደለም፤ ከየአንዳንዱ ለውጥ በኋላ ክሮቹን መልሶ መወጠርና መስማት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የትኛው ቁርጠት ምን እንዳመጣ አይታወቅም።

የክር ቦዮች

ከኢ ክር እስከ ጂ ክር ያለው ርቀት ከመሃል ወደ መሃል ከ33 እስከ 34 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በየሁለቱ ክሮች መካከል 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ነጥቦቹን በካሊፐር ያድርጉ፤ ከዚያ በደቃቅ ክብ ሞረድ ቦዩን ይክፈቱ። የቦዩ ጥልቀት ከክሩ ውፍረት ሲሶ ያህል ብቻ ይሁን፤ ሥሩም ከክሩ ጋር የሚስማማ ክብ መሆን አለበት። በጥልቁ የገባ ክር ይታፈናል፣ ሲቃኝም ብርኩማውን ይዞ ወደ ፊት ይጎትተዋል። ቦዮቹን በለስላሳ እርሳስ ደጋግመው ቢያጠቁሯቸው ክሩ በቀላሉ ይንሸራተታል። የኢ ክር ቀጭንና ስለታም ስለሆነ እንጨቱን እንዳይቆርጠው በቦዩ ላይ ትንሽ የስስ ብራና ቁራጭ ይለጠፋል፤ በዚህ ሙያ ብራና የሚመረጠው ሲሳሳም የማይበጠስ ስለሆነ ነው። ክሩ ላይ የሚመጣውን የፕላስቲክ ቱቦ ከብራናው ጋር አብሮ መጠቀም አያስፈልግም፤ ሁለቱ ሲደረቡ ድምፁን ያፍናሉ።

ማቆምና መወጠር

ብርኩማውን በምልክቱ ላይ አቁመው በመጀመሪያ ሁለቱን የዳር ክሮች እንዳይወድቅ ያህል ብቻ ይወጥሩ፤ ቀጥለው የመሃሎቹን ያስገቡ፤ ከዚያም አራቱንም በየተራ ጥቂት በጥቂት ያውጡ። መቃኛዎቹ በተጠመዘዙ ቁጥር ክሮቹ የብርኩማውን አናት ወደ ጣት ሰሌዳው ይስባሉ፤ ስለዚህ ከየዙሩ በኋላ ጀርባው ቀጥ ማለቱን ይመልከቱ። ያዘነበለ ከሆነ መሣሪያውን በጭንዎ ላይ አሳርፈው፣ የሁለቱን እጆች አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት በአናቱ ግራና ቀኝ ይዘው፣ በዝግታ ወደ ቦታው ይመልሱት። ለረጅም ጊዜ ሲያዘነብል የቆየ ብርኩማ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ብርኩማም አንድ ቀን ድንገት ወድቆ ገበታውን ሊሰብር ይችላል። ለተማሪዎች ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት ጉዳይ ይህ ይመስለኛል፤ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ከጎን ማየት በቂ ነው።

ክሮቹ ሙሉ ቅኝት ላይ ሲደርሱ በሰሌዳው መጨረሻ ያለውን ክፍተት ይለኩ። የተረፈውን ከፍታ አናቱን በሞረድ በማውረድ፣ ቦዮቹንም እንደገና በመክፈት ያስተካክሉ፤ ቦዩን ብቻ እያጠለቁ ከፍታ መቀነስ ግን ፈጽሞ አይገባም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ልኬቱን ይድገሙት፤ አዲስ ክር ይለጠጣል፣ ገበታውም በጫናው ጥቂት ይወርዳል። ሥራው ሲጠናቀቅ የጠርዞቹን ጥግ በደቃቅ ሞረድ በመጠኑ ያልዝቡ፤ የእግሮቹን የታች ጥግ ግን ስል እንደሆነ ይተዉት።

ለቪዮላ፣ ለቼሎና ለኮንትራባስ

ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ ልኬቱ ይለያያል። የቪዮላ አካል ወጥ መጠን ስለሌለው የእግሮቹ ስፋት ከ46 እስከ 50 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ የሰሌዳው ክፍተት ለኤ ክር 4.5፣ ለሲ ክር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የቼሎ ብርኩማ እግሮች 90 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋትና 11 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አላቸው፤ አናቱ ከ2.5 ሚሊ ሜትር አያንስም፤ ክፍተቱ ለኤ ክር ከ5 እስከ 5.5፣ ለሲ ክር 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለት የቅርጽ ዓይነቶች አሉት፤ የፈረንሳዩ አካሉ ሰፋ ያለና ድምፁ ለዘብ ያለ፣ የቤልጂጉ እግሮቹ ረዘም ያሉና ድምፁ የበራ ነው። የቼሎ እግሮች ረጃጅም ስለሆኑ በክሮቹ ጫና ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ስለዚህ እግሮቹ በሚገጠሙበት ጊዜ በመካከላቸው ትንሽ ማስፋፊያ ብሎን ገብቶ ክሮቹ የሚያደርጉትን ያህል ይከፍታቸዋል፤ ያለዚያ በጠረጴዛ ላይ በትክክል የተገጠመው እግር ሲወጠር ከዳርቻው ይነሣል። በጋውና ክረምቱ እጅግ በሚለያይባቸው አገሮች ብዙ ቼሊስቶች ለየወቅቱ የተለያየ ቁመት ያላቸው ሁለት ብርኩማዎች ያሠራሉ።

በኮንትራባስ ላይ የአየሩ ለውጥ ይበልጥ ስለሚጎላ በሁለቱ እግሮች ውስጥ ከፍታ ማስተካከያ ጎማዎች (በብሎን ላይ የሚዞሩ ክብ ማስተካከያዎች) መግጠም የተለመደ ሆኗል። ጎማዎቹ የሚገቡት እግሮቹ ተገጥመው ካለቁ በኋላ ነው፤ እግሮቹ በመጋዝ ከመቆረጣቸው በፊት ለብሎኑ የሚሆነው ቀዳዳ በእግሩ መሃል ቀጥ ብሎ መበሳት አለበት፤ ሁለቱ ቀዳዳዎችም ፍጹም ትይዩ ካልሆኑ ጎማዎቹ ሲዞሩ ብርኩማው ይጣመማል። ጎማዎቹን ለማዞር ሲፈልጉ ክሮቹን በመጀመሪያ በጥቂቱ ያላሉ፤ ሁለቱንም ወገን እኩል ያዞራሉ፤ ከዚያም የብርኩማውን ዘንበል እንደገና በስኳድራ ይፈትሻሉ።